በደብረ ማርቆስ ብርድ የቡና ተክልን ቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ቤት ውስጥ ስለማሳድገው የቡና ተክል ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የጻፍኩት። ተክሉን ዘጌ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ገና ችግኝ ሳለ ሰጥተውኝ፣ አሁን ቁመቱ ከወገቤ ደርሷል። ግቢያችን ውስጥ መሬት ላይ ላወርደው ፍላጎት ነበረኝ፤ ነገር ግን የከተማችን የሌሊት ብርድ፣ በተለይም ከጥቅምት ወዲህ ከጮቄ በኩል የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ለቡና እንደማይመች የሚያውቁ ሰዎች ስለ ነገሩኝ፣ በአበባ መትከያ አድርጌ ሳሎን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ልጆቼ ቡናን የሚያውቁት ምጣድ ላይ ሲቆላና ከሲኒ ሲጠጣ ብቻ በመሆኑ፣ ቅጠሉንና አበባውን፣ ቢቻልም ፍሬውን በዓይናቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ክረምቱን ደኅና ከረመ፤ ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቅቤ እንደ ተቀባ ያበራ ነበር። ኅዳር ከገባ ጀምሮ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች እየወየቡ ይረግፋሉ፤ የላይኞቹ ደግሞ ጫፋቸውና ዳርቻቸው ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ተክሉ የቆመው ወደ ደቡብ በሚመለከተው መስኮት ሥር፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ነው። አፈሩን የወሰድኩት ከግቢያችን ሲሆን ጥቁር ዋልካ ነው። ዘወትር ጠዋት ከቧንቧ የቀዳሁትን ውሃ አጠጣዋለሁ። ቡና በተፈላ ቁጥር አማቴ አተላውን ሥሩ ላይ ይደፉለታል፤ ለቡና ከራሱ ከቡናው የተሻለ ማዳበሪያ የለም የሚል እምነት አላቸው። የከሰል ማንደጃውም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከተክሉ አጠገብ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሳስበውኛል። ቅጠሉን ገልብጬ ስመለከት፣ ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ፣ የጎን ጅማቶች በሚነሡበት ጥግ ሁሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተደርድረው አያለሁ። የነፍሳት እንቁላል ማኖሪያ ይሆኑ? ደግሞም ከአናቱ የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች አረንጓዴ ሳይሆኑ ወደ ነሐስ የሚያደላ ቀይ ቡናማ መልክ አላቸው። ይህ የበሽታ ምልክት ነው ወይስ የተፈጥሮው? በመጨረሻም፣ ብቻውን ቤት ውስጥ የቆመ አንድ ቡና ፍሬ ሊሰጥ ይችላል? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። ተወልጄ ያደግኩት ዘጌ በመሆኑ፣ የሰጡዎት ተክል በአገሩ እንዴት እንደሚኖር ብነግርዎ ለቤትዎ የሚበጀውን ለመምረጥ የሚረዳዎት ይመስለኛል።

በዘጌ ቡና የሚያድገው በገላጣ መሬት ላይ አይደለም። ከላዩ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሰሳው አሉ፤ ቡናው ደግሞ ከእነርሱ ሥር ተጠልሎ፣ በቅጠሎቹ መካከል ተሰባብሮ የሚወርደውን ብርሃን እየተቀበለ ይኖራል። ከገዳማቱ በተወረሰው ሥርዓት መሠረት ምድሩ በበሬ አይታረስም፤ ስለዚህ የረገፈው ቅጠል ባለበት ይበሰብሳል፣ ሥሩም ሳይነካ ይቀመጣል። እጅዎን ከቡናው ሥር ወደ አፈሩ ቢሰዱ፣ ላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ በታች ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከዚያም በጣት የሚፈረፈር ጥቁር አፈር ያገኛሉ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው እዚያ አይቆምም፤ ይሰርጋል። ዋልካ ግን ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል።

ስለ ብርሃኑም አንድ ነገር ልጨምር። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ወድቆበት ለፀሐይ የተጋለጠ ቡና በበጋ ቅጠሉ ሲወይብና ሲያር እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። የእርስዎም ተክል በመስታወት አልፎ የሚመጣውን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ እየተቀበለ ከሆነ፣ ከመስኮቱ ሁለት ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡት፤ ወይም በመስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ይስቀሉ። መጋረጃው የዋንዛውን ሥራ ይሠራል።

ሐይቁም ለዘጌ ቡና ትልቅ ባለውለታ ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውሃው ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ ብርዱ አይበረታም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በዚህ የከፍታ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ በአማካይ አራት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ለጤፍና ለስንዴ ምንም አይደለም፣ ለቡና ግን ብዙ ነው።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ለእኔ የሚመስለኝ የውሃ ማነስ ነው። የቅጠል ጫፍ የሚደርቀው ተክል ሲጠማ ነው፤ በጋ ላይ ደግሞ አየሩ እጅግ ይደርቃል። ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታም ቢያጠጡት ያገግማል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ከቡሬ

ጤና ይስጥልን። ሥራዬ ከአትክልትና ፍራፍሬ ችግኝ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የተጠየቀውን በተቻለኝ መጠን ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ከፍኖተ ሰላም የጻፉልንን ወንድሜን በአክብሮት ልቃወማቸው እገደዳለሁ፤ ተክሉ የተጠማ መምሰሉ እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን የውሃ ማነስ አይደለም።

የቡና ሥር ውሃን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይፈልጋል። ዋልካ አፈር በጠባብ መትከያ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ውሃ ሲጨመርበት በቅንጣቶቹ መካከል አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይቀርም፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ይታፈናል፣ ቆይቶም ይበሰብሳል። በዚህ ላይ መትከያው ሲሚንቶ ወለል ላይ በመቀመጡ አፈሩ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ሥር አጠገቡ ውሃ እያለም መምጠጥ ያቅተዋል። ስለዚህ ሥሩ በውሃ ተከብቦ ሳለ ቅጠሉ ይጠማል፤ የታችኛው ይወይባል፣ የላይኛው ጫፉ ይደርቃል። በክረምት ይህ ያልታየው ተክሉ የቀድሞ ጤነኛ ሥሩን ይዞ ስለ ነበረና ሌሊቱም እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ስለማይቀዘቅዝ ነው። የአገራችን ቡና ዝርያ ለሆነው ለአረቢካ የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ እድገቱ ይገታል፣ ውሃ የመጠጣት ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ማታም ይጨመርበት የተባለው እንግዲህ ጉዳቱን የሚያፋጥን ነው።

ይህን በግምት እንዳንተወው ሥሩን ማየት ይቻላል። አፈሩ በመጠኑ ሲደርቅ መትከያውን ጋደም አድርገው ጎኑን መታ መታ ያድርጉትና፣ ግንዱን ከሥር ይዘው አፈሩን ከነሥሩ ቀስ ብለው ያውጡ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ሲነኩትም ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ጥቁር ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ቅርፊቱ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ ይወልቅና ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ሽታውም የረጋ ውሃ ሽታ ነው። የበሰበሰ ካገኙ በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ያስወግዱና ሳይዘገዩ አፈሩን ይለውጡ። ሥሩ ደኅና ከሆነ ግን ውሃውን ቀንሰው አፈር የመለወጡን ሥራ ለየካቲት መጨረሻ ወይም ለመጋቢት ያቆዩት፤ በብርድ ወራት የተነካ ሥር ቶሎ አያገግምም።

አዲሱን አፈር እንዲህ ቢያዘጋጁት መልካም ነው፤ ሁለት እጅ ከዛፍ ሥር የተዛቀ የጫካ አፈር ወይም ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። ቡና በመጠኑ አሲዳማ የሆነ አፈር ስለሚወድ የደጋው ጎጃም ቀይ አፈር በዚህ በኩል ይስማማዋል። አመድ ግን አይጨምሩበት፤ አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚያጠፋ፣ ቡናው ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ አቅቶት ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ የቀረው ቅጠል ይወይባል። መትከያው ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ ይበልጥ፤ ከታችም ቀዳዳ ይኑረው። በሚተክሉበት ጊዜ ዋናው ሥር ወደ ታች ቀጥ ብሎ መግባቱን በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ታጥፎ የተተከለ ቡና ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም ከዓመታት በኋላ ይቀጭጫል።

ውሃን በተመለከተ የምሰጠው የቀን ቁጥር የለም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎ ይተዉት፣ ከደረቀ ከታች እስኪፈስ ድረስ ያጠጡትና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። የቧንቧ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ አድሮ ቢሆን ይመረጣል፤ ክሎሪኑ በመጠኑ ይወጣል፣ ውሃውም የክፍሉን ሙቀት ይይዛል። ክረምት ላይ ከጣራ የሚጠራቀም ዝናብ ካለዎት ከሁሉ ይበልጣል።

የአማትዎ አሳብ በመሠረቱ ትክክል ነው፤ አተላው ለምግብነት የሚሆን ናይትሮጅን አለው። ችግሩ አቀራረቡ ላይ ነው። ትኩስ አተላ በአፈሩ ላይ ሲደራረብ ይሻግታል፣ ሲደርቅም ውሃና አየር የማያሳልፍ ሽፋን ይሠራል፤ በውስጡ የቀረው ካፌይንም ለወጣት ሥር አይመችም። ኮምፖስት ውስጥ ጨምረውት ከሌላው ጋር አብሮ ከበሰለ በኋላ ቢመለስለት አማትዎም ደስ ይላቸዋል፣ ተክሉም ይጠቀማል። ዩሪያን በመትከያ ላለ ቡና አልመክርም፤ በእርሻ ላይ መጠነኛ የሆነው በትንሽ አፈር ውስጥ ሥር ያቃጥላል።

ከቅጠሉ ጀርባ ያዩዋቸው ጉድጓዶች የነፍሳት ሥራ አይደሉም። ቡናው ከተፈጥሮው የሚያበቅላቸው ናቸው፤ በጤነኛ የአረቢካ ቅጠል ላይ ሁሉ ይገኛሉ። እንዳይፍቋቸው፣ መድኃኒትም እንዳይረጩባቸው። የአዲሱ ቅጠል ነሐስማ መልክም እንዲሁ የዘሩ ነው፤ አንዳንዱ የቡና ዓይነት አናቱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ነሐስማ ይሆናል፣ ቅጠሉ ሲበስል ሁለቱም ጥቁር አረንጓዴ ይሆናሉ። ሊያሳስብ የሚገባው ከቅጠሉ ጀርባ በጣት ሲነኩት የሚለቅ ብርቱካናማ ዱቄት ነው፤ ያ የቅጠል ዋግ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ።

ስለ መስኮቱ ከባሕር ዳር የተባለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምርበት። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታት እስከ ነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ታኅሣሥ ላይ ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ስለምትል በደቡብ መስኮት ገብታ ወለሉን ታዳርሳለች። ክረምት ላይ ምንም ያልነካው ተክል፣ ቦታውን ሳይለቅ በበጋ የተቃጠለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት የምሥራቅ መስኮት ካለዎት ዓመቱን ሙሉ እዚያ ሊቆይ ይችላል።

ከጠያቂዋ፦ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደ ተባለው አውጥቼ አየሁት። የመትከያው ቀዳዳ በዋልካው ተደፍኖ ከታች ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል፤ ከሥሩም የታችኛው ክፍል ጠቁሮ ስስበው ቅርፊቱ ይወልቃል፣ የላይኛው ግን ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የተበላሸውን ቆርጬ በተነገረኝ አፈር ለውጬዋለሁ፤ አማቴም አተላውን ለኮምፖስት ማጠራቀም ጀምረዋል። የምሥራቅ መስኮት ያለው መኝታ ክፍላችን ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል። ከሳሎኑ ሙቀት አውጥቼ ወደዚያ ባዛውረው ብርዱ አይጎዳውም? ሥሩ የተቀነሰ ተክልስ ቅጠሉ ሁሉ ይቅርለት ወይስ ልገርዘው?

መልስ፦ ከእንጅባራ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እህቴ። እኛ ከእናንተም ከፍ ብለን የምንኖር ስለሆንን ብርዱን በሚገባ እናውቀዋለን፤ ቡናዬም በቤት ውስጥ በጤና ይኖራል። ወደ መኝታ ክፍሉ ያዛውሩት። ተክሉን ከክፍሉ ብርድ ይልቅ የሚጎዱት ወለሉ፣ የመስታወቱ ግንባርና በበር ሥር የሚገባው ነፋስ ናቸው። ከፍ ያለ የእንጨት ዱካ ላይ ያስቀምጡት፤ ሲመሽ መጋረጃውን በተክሉና በመስታወቱ መካከል ይዝጉ፤ ቅጠሉ መስታወቱን እንዳይነካ አድርጉ። መትከያውን በአሮጌ ጋቢ ወይም በጆንያ መጠቅለልም አፈሩን ከብርድ ይጠብቃል።

ከከሰል ማንደጃው ግን ፈጽሞ ያርቁት። ከማንደጃ የሚነሣው ሙቀት አየሩን የሚያደርቅ ነው፤ ቡና ደግሞ እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። በሰፊ ሳህን ላይ ጠጠር ዘርግተው ጠጠሩ እስኪሸፈን በማይደርስ መጠን ውሃ ይጨምሩና መትከያውን ከጠጠሩ ላይ ያሳርፉት፤ የመትከያው ሥር ውሃውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የበጋው አቧራም ቅጠሉን ስለሚሸፍነው፣ እጅዎን ከሥር ደግፈው በእርጥብ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ይጥረጉት። ይህ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ተባይ ገና ሳይበዛ ያገኙታል። ቤት ውስጥ የሚኖር ቡና ላይ የማገኘው ብዙ ጊዜ በቅጠሉ ብብት ውስጥ የሚሸሸግ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይና፣ ግንዱ ላይ ተለጥፎ የማይንቀሳቀስ ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነው። ሁለቱም ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያወጡ ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይሰበሰባል፤ ጉንዳን ግንዱን ሲወጣ ካዩ እነርሱን ይፈልጉ። በሳሙና ውሃ በተነከረ ጥጥ እየጠረጉ ማስለቀቅ ይበቃል፤ ግን በየሳምንቱ መደጋገም አለበት።

ግርዛቱን በተመለከተ የደረቁ ጫፎችን ብቻ ያንሡ፤ አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ቅርንጫፍ አሁን አይንኩ፣ ሥር የሚሠራው ቅጠሉ በሚያዘጋጀው ምግብ ነውና። ሲያገግምና ቁመቱ ለክፍሉ ሲበዛ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን አናት ይቁረጡት፤ ወደ ጎን የሚዘረጉት ቅርንጫፎች ይጠነክራሉ። የጎን ቅርንጫፍን ግን ከግንዱ ሥር አይቁረጡ፤ ከዚያው ቦታ ሌላ የጎን ቅርንጫፍ አይተካም። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ጥጃ የሚገባ ከሆነ ቅጠሉ ካፌይን ስላለው እንዳይበሉት ይጠብቁ።

መልስ፦ ከቡሬ

ስለ ፍሬው የተጠየቀው ሳይመለስ ቀርቷልና ይኸው። አዎ፣ ብቻውን የቆመ የአረቢካ ቡና ያፈራል፤ አበባው በራሱ ብናኝ የሚዳቀል ነውና ሌላ ዛፍም ንብም ሳይኖር ፍሬ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የተወሰደው ቡና በዕፀዋት አትክልት ሥፍራ ውስጥ በመስታወት ቤት ነው ያደገው፤ የእርሱ ዘር የሆነ አንድ ተክልም በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጥቶ ፓሪስ ላይ እንዲሁ በመስታወት ቤት ተይዟል። የአውሮፓን ክረምት በቤት ውስጥ ካለፈ፣ የደብረ ማርቆስን ታኅሣሥ አያልፍም ለማለት ምክንያት የለንም።

ቡና ከዘር ከበቀለ በኋላ ለማበብ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል። እምቡጡ የሚከፈተው ከደረቅ ወራት በኋላ ውሃ በሚያገኝበት ጊዜ ነው፤ በአገሩ የበጋው ድርቀት ካበቃ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ የሚያደርገውን እርስዎም በቤትዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። ተክሉ ካገገመ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥርና የካቲት ላይ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ውሃውን በመጠኑ ያሳንሱበት፤ መጋቢት ላይ ደግሞ በሚገባ ያጠጡት። እምቡጥ ይዞ ከነበረ በዐሥር ቀን ገደማ በየቅጠሉ ብብት ነጭ አበባ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሽታው ክፍሉን ይሞላል፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ግን ይረግፋልና ልጆችዎ በዚያ ሰሞን ከቤት ባይርቁ መልካም ነው። ፍሬው እስኪቀላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይወስዳል፤ በብርድ አገር ከዚህም ሊዘገይ ይችላል።

የዘንድሮውን ፍላጎት ግን ለሥሩ እንተውለት። ልጆቹ መጠበቅ ከከበዳቸው፣ ዘመዶችዎ ከዘጌ ቀይ እሸት ቡና እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ከገበያ የሚገዛው ደረቅ ቡና ለዘር አይሆንም፤ ከተለቀመ ወራት ካለፉት የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። እሸቱን በጣት ጨምቀው ፍሬውን ያውጡ፤ ልጋጉን አጥበው፣ ስሱን ቅርፊት ሳይገፉ፣ በጥላ ሥር አንድ ሁለት ቀን ያጠንፍፉት። ከዚያ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች ሆኖ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይቅበሩት፤ ሞቅ ያለ ቦታ ካገኘ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ይበቅላል። ብርዱ ስለሚያዘገየው መዝራቱን ለመጋቢት ቢያደርጉት ይሻላል፤ እሸቱ ቀድሞ ከደረሰ ከነቅርፊቱ በጥላ አጠንፍፈው፣ አየር በሚያገኝ ጨርቅ ቋጥረው፣ ፀሐይም እሳትም በማይነካው ቦታ ያቆዩት።